የትኛውን ሳይክል ልግዛ? ለእሑዱ የጋራ ጉዞም ለሰኞው ሥራም የሚሆን ንጽጽር

አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» የሚባለው ከመኪና ነፃ እሑድ በዋለ ማግስት ስለ ሳይክል የሚያማክሩኝ ሰዎች ይበዛሉ። አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ሕፃን አዋቂው ሲነዳ አይተው ልባቸው ተነሥቷል። ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ሱቅ ሲገቡ ነው። ሻጩ «ባለ 21 ማርሽ ነው፣ ዲስክ ፍሬን አለው፣ ኦሪጅናል ነው» ይላቸዋል። ከሦስቱ አንዱም ሳይክሉ የሰፈራችሁን ዳገት ይወጣ እንደሆነ፣ ሲበላሽስ የሚጠግነው ይገኝ እንደሆነ አይናገርም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለእሑዱ ዝግጅት ብላችሁ ሳይክል አትግዙ። ለዝግጅቱማ ፍሬኑ የሚይዝ ማንኛውም ሳይክል ይበቃል። ሳይክል የሚመረጠው ለቀሩት ቀናት ነው። በተለይ አዲስ አበባ ላይ ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከቤታችሁ በር እስከ ዋናው መንገድ ያለው ዳገትና በአቅራቢያችሁ ያለው ጠጋኝ።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር አይሠራም። በምትኩ አማራጮቹን እርስ በርስ አነጻጽሬ «ርካሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ውድ» ብያቸዋለሁ። የሳይክል ብራንድም አላሞግስም።

ዝግጅቶቹ ራሳቸው ምን ይፈልጋሉ?

የጋራ ጉዞ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

«መንገድ ለሰው» አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ የተመረጡ መንገዶችን ከመኪና ነፃ አድርጎ ለእግረኛ፣ ለሳይክልና ለስኬቲንግ መልቀቅ ነው። እዚያ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ከፊታችሁ ገመድ የምትዘል ልጅ አለች፣ ከጎናችሁ ኤሮቢክስ የሚሠራ ቡድን አለ፣ ድንገት አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ይገባል። የሚያስፈልጋችሁ ቶሎ የሚይዝ ፍሬንና እግራችሁ መሬት እንዲነካ ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። በቃ።

ሁለተኛው ዓይነት መሥሪያ ቤቶች፣ የሰፈር ወጣቶች ወይም ጓደኛሞች የሚያዘጋጁት ጉዞ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ጉዳይ ይዞ ይመጣል፦ ጤና፣ የአየር ብክለት፣ የእርዳታ ማሰባሰቢያ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. የዓለም የብስክሌት ቀን ብሎ የሰየመው ግንቦት 26 ሲደርስም እንዲህ ያሉ ጉዞዎች ይጠራሉ። መንገዱ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ስለዚህ እዚህ ላይ ማርሽ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው ንጋት ላይ ተነሥተው ከከተማ የሚወጡት ናቸው፦ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ቢሾፍቱ። እነዚህ ቀልድ አያውቁም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ከፍታዋም በ400 ሜትር ያህል ያንሳል። ስለዚህ መሄዱ ደስ ይላል። መመለሱን ግን አስቡበት።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ተሳታፊ ሆኖ ሳለ ለሦስተኛው የሚሆን ሳይክል ይመኛል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

መመዘኛዎቹ

*ዳገት።* ቦሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ አናት 3,000 ያልፋል። ከተማዋ በእነዚህ ሁለቱ መካከል የተንጠለጠለች ናት። አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሳንባችሁ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ የማርሹን ብዛት ትታችሁ ትንሹን ማርሽ ፈልጉ። የፊተኛው ትንሹ ክብ ስንት ጥርስ አለው? የኋላው ትልቁስ? የፊቱ ከኋላው ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ዳገት ትወጣላችሁ።

በቁጥር እንየው። ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ላይ ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ቢኖር ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ሳይክሉ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ግን ለእያንዳንዱ ዙር 5 ሜትር ሽቅብ መግፋት ማለት ነው። ባለ 26 ቁጥር ጎማ ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) ላይ ፊት 24፣ ኋላ 28 ብታደርጉት አንዱ ዙር ከ2 ሜትር በታች ያስኬዳችኋል። ቀስ ትላላችሁ፣ ግን አትወርዱም።

*ጥገና።* ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ በየመንገዱ አለ። ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፣ ይሞርዳል፣ ይለጥፋል፣ ጨረሰ። ግን ኮምፕረሰሩ የሚገጥመው እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ለሆነው የአየር መሙያ ነው። ቀጭኑና ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያለው መሙያ ከሆነ የራሳችሁን ፖምፓ ወይም ማስተላለፊያ መያዝ አለባችሁ። የጎማ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ከማውንቴን ጎማዎች 26 በብዛት ይገኛል። 27.5፣ 29 እና 700 ከመግዛታችሁ በፊት «ተለዋጩን የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዘይት ግፊት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ያምራል፣ ይይዛልም። ዘይቱ ሲፈስ ግን እያንዳንዱ የሰፈር ጠጋኝ አይነካውም። በሽቦ የሚሠራውን ፍሬን በአንድ ቁልፍ ያስተካክለዋል።

*ማደሪያ።* ሳይክሉ ማታ የት ነው የሚያድረው? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሊፍት የለውም። 20 ኪሎ ብረት በየቀኑ መሸከም በሁለተኛው ሳምንት ያስጠላል። ደረጃ ሥር ታስሮ የሚያድር ሳይክል ደግሞ አንድ ቀን የለም። ግቢ ያለው ሰው ይህን መመዘኛ ይዝለለው።

*መንገድ።* የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በበርካታ ዋና መንገዶች ላይ የሳይክል መስመር አምጥቷል። ከመስመሩ እስከ ቤታችሁ ግን ኮብልስቶን፣ ፒስታ ወይም የክረምት ጭቃ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ጎማ እነዚህን አይወድም። የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ጎማው ሲገባ ደግሞ ነጂው በመሪው ላይ ይበርራል።

*ሙሉ ወጪ።* በጀታችሁን አምስት ቦታ ክፈሉት። አራቱ ለሳይክሉ፣ አንዱ ለሄልሜት፣ ለጠንካራ ቁልፍ፣ ለፖምፓ፣ ለፊትና ለኋላ መብራት። አምስቱንም ለሳይክሉ ያወጣ ሰው ቁልፉን ርካሽ ይገዛል፣ ከዚያ ሳይክሉን ያጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ስሌት አለ። በወር ለታክሲና ለአውቶቡስ የምታወጡትን ጻፉ። ክረምቱን ቀንሱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ አትነዱም፣ ራሳችሁን አትሸንግሉ። ስለዚህ ቁጠባውን በዓመት 8 ወር ብቻ አድርጋችሁ አስቡት። የሳይክሉ ሙሉ ወጪ በአንድ ዓመት ቁጠባ ከተመለሰ በገንዘብ ብቻ እንኳ ያዋጣል። ሁለት ዓመት ከፈጀም አያስፈራም፣ በደንብ የተያዘ ሳይክል ከዚያ በላይ ይቆያል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስሌቱ ለሳይክሉ ያደላል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ባለ አንድ ማርሽ የብረት ሳይክል።* ባሕር ዳርና ሐዋሳ የሚያውቁት ይህን ነው። ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ 18 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከኋላው የዕቃ መጫኛ አለው፣ ጭቃ መከላከያ አለው፣ ሰንሰለቱ ተሸፍኗል። ሱሪያችሁ ዘይት አይነካም። የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ፔዳል፣ ሰንሰለት፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም በርካሽ ይገኛል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንዱን አይተነዋል፣ ዳገት ነው። ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። በዘንግ የሚሠራው አሮጌ ፍሬን የብረት ቸርኬ ላይ በዝናብ ጊዜ ይንሸራተታል። ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ሜዳማ ከተሞች ናቸው። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ጽሑፉን እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ፣ ይህን ግዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ ሜዳ ካልሆነ አልመክርም።

*አዲስ ርካሽ ማውንቴን።* ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ነው። ብዙ ሰው የሚማረርበትም ይህ ነው። ሱቅ በር ላይ ደማቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ከፊትም ከመሐልም ሾክ ተገጥሞለት ይቆማል። መሐሉ ላይ ያለውን ሾክ ብትችሉ ሽሹት። ጥሩ የመሐል ሾክ ውድ ነገር ነው፣ በርካሽ ሳይክል ላይ የሚገጠመው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ዳገት ስትወጡ እግራችሁ ፔዳሉን ሲገፋ ስፕሪንጉ ይጨመቃል። ጉልበታችሁ ወደ ጎማው ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ላዩ ላይ ክብደት ይጨምራል፣ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ይላላሉ። የፊት ሾክ ብቻ ያለው ይሻላል። ጭራሽ ሾክ የሌለው ደግሞ በተመሳሳይ ዋጋ ከሁለቱም የተሻለ ዕቃ ይኖረዋል፣ ገንዘቡ ለሾክ አልወጣምና። እኔ ብሆን ያንን እመርጣለሁ።

«ባለ 21 ማርሽ» ማለት ፊት 3፣ ኋላ 7 ማለት ነው። ብዙዎቹ ማርሾች ይደራረባሉ። ባለ 8 ማርሽ፣ ጥሩ ትንሽ ማርሽ ያለው ሳይክል፣ መጥፎ 21 ካለው ይበልጣል።

ሌላው ትልቅ ጣጣ አገጣጠሙ ነው። እነዚህ ሳይክሎች ፈርሰው በካርቶን ይመጣሉ፣ ሱቁ በችኮላ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ በሉና የፊቱን ሹካ እዩ። የሹካው እግሮች ታች ላይ ወደ ፊት ነው መታጠፍ ያለባቸው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ከሹካው ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላ ዞሮ ከተገጠመ ሳይክሉ ይወላገዳል፣ ቁልቁለት ላይም አደገኛ ነው። ይህ በልብ ወለድ የማወራው አይደለም፣ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመው የምታገኟቸው አሉ። ከዚያ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሐል አጥብቃችሁ ያዙና መሪውን አዙሩ። መሪው ብቻውን ከዞረ ብሎኑ አልጠበቀም። ከገዛችሁ በኋላም በመጀመሪያው ሳምንት ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ ሁሉንም ብሎን አስጠብቁ። አዲሱ ሽቦ ስለሚለጠጥ ፍሬኑም ማርሹም ይላላል። ያኔ «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፣ የሚያስፈልገው ግን ግማሽ ሰዓት ጥገና ነው።

*ከውጭ የገባ ያገለገለ።* በተመሳሳይ ዋጋ ከአዲሱ ርካሽ የተሻለ ሳይክል የምታገኙት እዚህ ነው። ለሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው። ለማያውቅ ሰው የሚያውቅ ጓደኛ ይዞ መሄድ ግድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለየቀኑ መጓጓዣ የተሠራ ሳይክል ቀለሙ ቢያረጅም ኩሽኔታውና ማርሹ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ስታዩት ቀለሙን እርሱት። ቴላዮው ላይ፣ ማለትም ሁሉን በሚሸከመው የሳይክሉ አጽም ላይ አተኩሩ። መሪው ከቴላዮው ጋር የሚገናኝበትን አንገትና ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ታችኛውን መጋጠሚያ በጣታችሁ ዳብሱ። ቀለሙ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አዲስ የተበየደ ቦታ ካለ ተዉት። ሳይክሉን ገልብጡና ጎማዎቹን አሽከርክሩ። በፍሬኑ ላስቲክና በቸርኬው መሐል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ትንሽ ከሆነ የጎማውን ሽቦዎች በማስተካከል ይድናል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚወላወል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ይህን ዋጋ ለማስቀነሻ ተጠቀሙበት። የኮርቻውን ዘንግ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ዝጎ ከተጣበቀ ቁመታችሁ ልክ ላይ ካልሆነ በቀር ሳይክሉ አይሆናችሁም፣ ማላቀቁ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። በመጨረሻ ከመሬት አንድ ስንዝር አንሥታችሁ ልቀቁት። የሚንቋቋው ምንድነው? ከየት ነው?

ደረሰኝም ጠይቁ። ታች ፔዳሉ ሥር ቴላዮው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ተፍቆ ከሆነ ሻጩን ተሰናበቱት። የሰው ዕቃ ገዝቶ ከፖሊስ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

*የከተማ ሳይክል፣ ሃይብሪድ የሚባለው።* ሾክ የለውም ወይም ትንሽ ነው፣ ጎማው መካከለኛ ውፍረት አለው፣ አቀማመጡ ቀና ያለ ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ነው። ለአዲስ አበባ ተቀጣሪ ልኩ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮብልስቶኑንም ይችላል፣ አስፋልት ላይም ከማውንቴን ይፈጥናል፣ አራተኛ ፎቅም ይወጣል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይገዛውም? አዲሱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። የምታገኙት ያገለገለው ገበያ ውስጥ ነው። ከእነዚህ መሐል ወገቡ ዝቅ ያለ ቴላዮ ያለው «የሴት» ተብሎ ይናቃል። ቀሚስ ለሚለብሱ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ከኋላ ዕቃ ጭኖ እግር ማንሣት ለሚቸግረው ወንድ ጭምር እጅግ ምቹ ነው። ስለሚናቅ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። ተጠቀሙበት።

*ኮርሳ፣ የውድድር ሳይክል።* አገራችን በዚህ ታሪክ አላት። በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞቻችን ተወዳድረዋል። የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኮርሳን ማድነቅ ይገባል። ለመጀመሪያ ሳይክልነት መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማው ቀጭን ነው፣ ከ80 ፒኤስአይ በላይ አየር ይፈልጋል፣ በሳምንት ካልተነፋ ይቆረጣል። አቀማመጡ ጎንበስ ያለ ስለሆነ በሰው መሐል ዞር ብሎ ማየት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ለ«መንገድ ለሰው» ከሁሉም የማይመቸው እሱ ነው። በየሳምንቱ ወደ ሱሉልታና ሰንዳፋ ከሚወጡት ጋር ለመቀላቀል የቆረጣችሁ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ያስቀራችኋል። ያኔም መጀመሪያ ባላችሁ ሳይክል ሁለት ሦስት ወር ውጡ፣ ፍቅሩ ከጸና ግዙ።

*ተጣጣፊ።* ትንሽ ጎማ አለው፣ ታጥፎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወይም ዴስክ ሥር ይገባል። ግማሹን መንገድ በታክሲ፣ ግማሹን በሳይክል ለሚሄድ ሰው ነው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ አይወድም። ማጠፊያው መላላት ከጀመረ ዕድሜው አጭር ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለም።

*ኤሌክትሪክ።* ዳገቱን የሚፈታው ይህ ነው። ሞተሩ የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ሸሚዝ ለብሳችሁ፣ ሳያልባችሁ ቢሮ ትደርሳላችሁ። ነገር ግን ሻጩ የሚነግራችሁን ርቀት በግማሽ ቀንሱት። ብዙዎቹ ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ አላቸው፣ ይህም 360 ዋት ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ እየረገጣችሁ ካገዛችሁት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ ይችላል። ያለ እናንተ እርዳታ፣ ዳገት ላይ፣ ከባድ ሰው ተሸክሞ ግን ከ20ም ሊያንስ ይችላል። ዋናው ጥያቄ ስለ ባትሪው ነው። ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላ ይደክማል። ተለዋጩ ይገኛል ወይ? ስንት ነው? ሻጩ ይህን ካልመለሰ ስንብቱ ያኔ ነው። ባትሪው የሚነቀል ዓይነት ይሁን፣ ሳይክሉን ታች አስራችሁ ባትሪውን ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አለዚያ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው የምትሸከሙት። ቻርጁ ሲያልቅባችሁ ያንን ክብደት በእግር እየረገጡ ቤት መድረስም አለ።

*አለመግዛት።* ይህም አማራጭ ነው። ልጆች ሆነን ሰፈር ውስጥ በዙር የሚከራይ ሳይክል ነበር፣ ዛሬም በየሜዳውና በየአደባባዩ በሰዓት የሚያከራዩ አሉ። በወር አንድ ጊዜ ለመንዳት ከሆነ መከራየት ከመግዛት ይረክሳል፣ ማደሪያም አይፈልግም። ለሚገዛ ሰውም ቢሆን የጋራ ጉዞ የሚያህል መሞከሪያ የለም። ሰው ሁሉ የራሱን ሳይክል ይዞ የመጣበት ቦታ ነው። «እስቲ ላንዴ ልንዳት?» ብትሉ የሚከለክላችሁ ጥቂት ነው። ባለቤቱን ጠይቁት፦ ምኑ ቶሎ ተበላሸ? ማን ጠገነልህ? ሱቅ የማትሰሙትን እዚያ ትሰማላችሁ።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | የመግዣ ዋጋ | ክብደት | ዳገት | ጥገና | ለጋራ ጉዞ | ለየቀኑ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባለ አንድ ማርሽ | ርካሽ | ከባድ | ደካማ | በጣም ቀላል | ሜዳ ከሆነ ጥሩ | ሜዳማ ከተማ ላይ ምርጥ |
| አዲስ ርካሽ ማውንቴን | ርካሽ እስከ መካከለኛ | 15–18 ኪሎ | ጥሩ | ቀላል፣ ግን ይደጋገማል | ጥሩ | ይሆናል |
| ያገለገለ ማውንቴን | ርካሽ እስከ መካከለኛ | 12–15 ኪሎ | ጥሩ | እንደ ዕቃው | ጥሩ | ጥሩ |
| የከተማ (ሃይብሪድ) | መካከለኛ እስከ ውድ | 11–14 ኪሎ | ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ምርጥ |
| ኮርሳ | ውድ | 8–11 ኪሎ | ለጠንካራ እግር | ከባድ | ከከተማ ለሚወጡት ብቻ | አይመችም |
| ተጣጣፊ | መካከለኛ | 11–15 ኪሎ | መካከለኛ | መካከለኛ | ይሆናል | ከታክሲ ጋር |
| ኤሌክትሪክ | በጣም ውድ | 20–25 ኪሎ | ከሁሉም የበለጠ | ባትሪው አሳሳቢ | ጥሩ | ዳገታማ ሰፈር ላይ ምርጥ |
| ኪራይ | በየጊዜው ጥቂት | — | እንደ ዕድል | የእናንተ ጭንቀት አይደለም | ጥሩ | አይሆንም |

እንደ ፍላጎታችሁና እንደ ኪሳችሁ

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነና ሳይክሉን ለሥራ የምትፈልጉት ከሆነ ያገለገለ፣ ሾክ የሌለው፣ ባለ 26 ጎማ ማውንቴን ፈልጉ። የተጎረበጠውን ጎማ አውልቃችሁ ለስላሳ የአስፋልት ጎማ አስገቡለት። በትንሽ ወጪ ሃይብሪድ ይሆናል ማለት ነው። ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

የምትኖሩት ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ ወይም የካ ተራራ ሥር ሆኖ ሥራችሁ ቦሌ ከሆነ ጠዋት መውረድ ብቻ ነው፣ ማታ መውጣት ብቻ ነው። ፍሬን ላይ ገንዘብ አውጡ። የፍሬን ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ሳያልቅ ቀይሩት። ማታ ጉልበት ከሌላችሁና አቅሙ ካለ ኤሌክትሪክ የሚገባው ለእናንተ ነው።

ዕቃ የምታመላልሱ ከሆነ፣ ሱቅ ያላችሁ ወይም ዕቃ የምታደርሱ፣ ጠንካራ የኋላ ጎማና የብረት መጫኛ ያለውን ምረጡ። አሉሚኒየም ቴላዮ ከተሰነጠቀ የሰፈር በያጅ አይጠግነውም፣ ብረት ግን ይበየዳል። ለጭነት ብረት ያዋጣል።

ለልጅ ስትገዙ «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ጫማ ላይ ይሠራል፣ ሳይክል ላይ አይሠራም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው፣ የፍሬኑን እጀታም ትንሿ መዳፉ መጨበጥ መቻል አለባት። የጎረቤት ልጅ ያደገበትን መግዛትና የእናንተ ልጅ ሲያድግበት ለሌላ መሸጥ ከሁሉም ይረክሳል።

ለአዋቂ ልኩ እንዲህ ይለካል። ሳይክሉን በእግራችሁ መሐል አድርጋችሁ ቁሙ። በላይኛው ቱቦና በብሽሽታችሁ መሐል ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ከታች ሲሆን እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሳይክል የሚተው ሰው ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሎበት ነው። ለ«መንገድ ለሰው» ዝቅ አድርጉት፣ ሰኞ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት።

ገንዘቡ ካላችሁና ምርጫው አሁንም ካልተለየላችሁ አትቸኩሉ። የሚቀጥለው የጋራ ጉዞ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ተከራይታችሁ ወይም ተውሳችሁ ውጡ። ስትሄዱ ካላማዳሪ፣ ፖምፓ፣ ውኃና መታወቂያ ያዙ። ወደ ቤት ስትመለሱ ታክሲ አትሳፈሩ። ያንኑ ሳይክል እየነዳችሁ የሰፈራችሁን ዳገት ውጡት። የት ላይ ወረዳችሁ? ከዚያ ወደ ሱቅ ሂዱ።